ዓሣው ቀድሞ ገባ፣ ሕጉ 25 ዓመት ዘገየ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሲሪንቃን፣ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ «እዚህ ዓሣ ሳንበላ አናልፍም» ማለቱ የተለመደ ነው። ጥብሱ ይቀርባል፣ አዋዜው ይቀርባል፣ እንጀራው ይቀርባል። ተመጋቢው ሳህኑ ላይ ያለው ቆሮሶ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ውሃ ሲኖር የኖረ፣ አያት ቅድመ አያቶቹ ያሰገሩት ዓሣ ይመስለዋል።

እንዲያ አይደለም። ቆሮሶ ሐይቅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ያመጣውም መንግሥት ነው። በደርግ ዘመን የግብርና ሚኒስቴር ዓሣውን ከሌላ ቦታ አምጥቶ እዚህ ለቀቀው። ዓሣውን እንዴት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት መረብ፣ ምን ያህል ማስገር እንደሚቻል የሚናገር አዋጅ ግን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በሁለቱ መካከል 25 ዓመት አለ።

የሐይቅን ዓሣ ታሪክ ለመረዳት ከዚህ 25 ዓመት መጀመር ይበቃል። ዛሬ በአማራ ክልል ስለ ዓሣ መመናመን ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ ወደ አስጋሪው ነው፤ «ስግብግብ ነው፣ ጫጩት ሳይቀር ይጠርጋል» ይባላል። ግን ለአንድ ትውልድ ያህል «ውሰድ» እየተባለ የኖረ ሰው አንድ ቀን ድንገት «ተው» ቢባል እንዴት ይሰማል?

▪️ ከቆሮሶ በፊት

የሐይቅ ውሃ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከአርዲቦ ሐይቅ በአንቀርቀሃ ወንዝ በኩል ውሃ ይገባለታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዝግ ውሃ ነው። ይህ ለዓሣው ትልቅ ነገር ነው። ወንዝ ላይ ዓሣ ቢያልቅ ከላይ ወይም ከታች ሌላ ሊመጣ ይችላል። ዝግ ሐይቅ ላይ ያለቀ ዓሣ ግን ሰው ካላመጣው በቀር ተተኪ የለውም።

ቦታው በታሪክ የሚታወቀው በዓሣ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የትምህርት ማዕከል ሆኖ ስሙ የገነነ፣ ብዙ መነኮሳት ያፈራ ስፍራ ነው። በውሃው ውስጥ ግን አምባዛና ትንንሽ ዓሦች ይኖሩ ነበር። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ እንዳይበላ የተጻፈውን ሕግ የሚጠብቁ ብዙ ክርስቲያኖች አምባዛን አይነኩም። ስለዚህ ማንም ጠባቂ ሳይቆም፣ ማንም ቅጣት ሳይጽፍ፣ የዓሣ ማስገር ሥራ በራሱ ጊዜ ተወስኖ ኖረ።

የተጻፈው የመንግሥት ሕግስ? እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1151 ባለቤት የሌለውን ግዙፍነት ያለው ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ለማድረግ አስቦ በእጁ ያስገባ ሰው ባለሀብቱ እንደሚሆን ይደነግጋል። በውሃ ውስጥ ያለ የዱር ዓሣ ባለቤት የለውም። በተራ ቋንቋ ዓሣው የያዘው ሰው ነው ማለት ነው። ፈላጊው ጥቂት በነበረበት ጊዜ ይህ መርህ ማንንም አልጎዳም።

▪️ «ውሰድ» የተባለበት ዘመን

ከዚያ 1978 መጣ። ወሎ ከ1966ቱ ረሃብ ገና አላገገመም ነበር። ቆሮሶ በፍጥነት የሚራባ፣ ቅርፊት ያለው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ችግር የሚበላው ዓሣ ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ሕዝቡ ምግብ ያስፈልገዋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም።

ዓሣውም ተራባ። የሐይቅ ዳር ገበሬ የማያውቀውን ሙያ ተማረ። መረብ መጣ፣ ጀልባ መጣ፣ ማኅበር ተቋቋመ፣ ገበያ ተፈጠረ። ከተማዋ በዓሣ ስም አወጣች።

ውሃው ግን ያው ውሃ አልነበረም። ቀድሞ ሐይቁን ያጠኑ ሰዎች ወደ ታች ብዙ ሜትር የሚያሳይ ጥርት ያለ ውሃ አግኝተው ነበር። ቆሮሶው ከገባ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያገኙት የደፈረሰ፣ አረንጓዴ የወረሰው ውሃ ነው። ነገሩን ከዓሣው መግባት ጋር አያይዘውታል። በውሃው ውስጥ አልጌን እየበሉ ሐይቁን የሚያጠሩ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ትንንሽ ነፍሳት ነበሩ። ዓሣው እነሱን በላቸው። የሚበላው ያጣ አልጌ ደግሞ በዛ። አንድ እንስሳ ወደ ዝግ ውሃ ሲገባ ሌላውን ሁሉ እንዴት እንደሚያናጋ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አገር ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። መንግሥት ዓሣውን ለመልቀቅ ባለሙያ ነበረው፣ ትእዛዝ ነበረው። በዚያው ቀን «ይህ ዓሣ ሲበዛ ማን ይይዘዋል? መቼ ይተዋል? ማንስ ይጠብቀዋል?» የሚለውን የሚመልስ ደንብ ግን አብሮ አልለቀቀም። ሐይቁ ላይ ሥራ የጀመረው ትውልድ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብዙ የያዘ ብዙ ይሸጣል።

▪️ የጣና ደወል

ሕጉ እንዲወጣ ከገፋፉት ነገሮች ዋነኛው የጣና ጉዳይ ነው። ጣና ላይ ለዘመናት በደንገል ታንኳ ሲሰገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ የቀረበው ዓሣ 39 ቶን ነበር። በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ። በ10 ዓመት ውስጥ ከ9 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በሪፖርት ላይ ይህ ቁጥር የሚያስጨበጭብ ነው።

ጣና ውስጥ ግን ሌላ የትም የማይገኙ፣ በአካባቢው «ነጭ ዓሣ» የሚባሉ ከ10 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ጠባብ አፍ በኩል ያልፋሉ። አስጋሪውም ያንን አፍ ያውቀዋል። መረቡን እዚያ ይዘረጋል። በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ በመበተን ዓሣን አደንዝዞ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

መያዙ የጨመረበትና ዓሣው የጠፋበት ዘመን አንድ ዘመን ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

▪️ ሕጉ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ነው። ሁለተኛው የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 92 ነው። የክልሉ ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 50 የተከተለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሁለት ሕግ ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው፣ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ስለ ተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል ሲሆን በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው።

የሕጎቹ ሐሳብ ቀላል ነው። ለንግድ የሚያሰግር ፈቃድ ያውጣ። በመርዝና በፈንጂ ማስገር ክልክል ነው። ጫጩት የሚጠርግ መረብ አይፈቀድም። ዓሣው በሚራባበት ቦታና ወቅት ይታገሡለት። ይህን የሚከታተል ተቆጣጣሪ ይኑር።

በዚህ ውስጥ ስህተት የለም። እንዲያውም የቆሮሶን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ሕጉ ትክክል ነው። የቆሮሶ ወንድ ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳርቻ መሬቱን ጭሮ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሰዓት መረብ ላይ የወደቀች አንዲት እናት ማለት አንድ ኪሎ የማይሞላ ሥጋና በመቶዎች የሚቆጠሩ ያልተወለዱ ዓሦች ማለት ነው። የመረቡ ቀዳዳ ቢሰፋ ትንሹን ያስመልጣል እንጂ እናቲቱን አያስመልጥም። እናቲቱን የሚያድናት ወቅቱንና ዳርቻውን መተው ብቻ ነው።

ችግሩ ከወረቀቱ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ነው። ሕጉ የመጣው ሥራው ከተስፋፋ፣ መረቡ ከተገዛ፣ ልጆች በዓሣ ገንዘብ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሌሊት መረብ የሚዘረጋውን ሰው ቀን ቢሮ የሚገባ ባለሙያ አያየውም። ፈቃድ ያወጣው አስጋሪ ሲታገሥ ፈቃድ የሌለው ከጎኑ ይጠርጋል። ሕግ አክባሪው ሞኝ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት ሕግ አክባሪ አይገኝም።

▪️ ሁለት ባሕሮች

ይህ የወሎ ወይም የኢትዮጵያ ጉድ ብቻ አይደለም። ከሐይቅ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻ የሚገኙ ሁለት ጎረቤታሞች ስለዚህ ነገር ተቃራኒ ታሪክ አላቸው።

አንደኛዋ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ናት። እዚያ ኮድ የሚባል ዓሣ ለ500 ዓመት ያህል ሲሰገር ኖሯል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1977 የባሕር ክልሏን ወደ 200 ማይል አስፍታ የውጭ መርከቦችን ካስወጣች በኋላ ባለሙያ፣ መርከብ፣ የዓመት ኮታ፣ ሁሉም ነበራት። ኮታው ግን ባሕሩ ከሚችለው በላይ ነበር። በትንንሽ ጀልባ የሚያሰግሩት የዳርቻ ሰዎች «ዓሣው እያነሰ ነው» ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1992 መንግሥት ማስገሩን ዘጋው። ወደ 30,000 ሰው ሥራ አጣ። ለ2 ዓመት የተባለው እገዳ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ሕግ ነበረ፤ ዓሣው ግን አልቆ ነበር።

ሁለተኛዋ የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ናት። እዚያ ዋናው ሀብት ሎብስተር ነው፤ ሁለት ትላልቅ መቆንጠጫ ያለው፣ እንቁላሉን በሆዱ ሥር ለጥፎ የሚዞር የባሕር እንስሳ። በሜይን ሕግ እንቁላል የያዘች ሎብስተር አትያዝም። ትንሹ ይለቀቃል። ከ1933 ጀምሮ ደግሞ ከመጠን በላይ የገዘፈውም ይለቀቃል፤ ብዙ የሚወልደው እሱ ነውና። ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው። አስጋሪው እንቁላል የያዘች ሎብስተር ሲያገኝ ጅራቷ ላይ በቢላዋ ትንሽ ምልክት ሸርፎ ወደ ባሕር ይመልሳታል። ከዓመት በኋላ ሌላ አስጋሪ እንቁላል በሌላት ጊዜ ቢይዛት እንኳ ምልክቱን አይቶ ይለቃታል። «ይህች ወላድ ናት» የሚል መልእክት ከማያውቀው ሰው በእንስሳዋ ጅራት ላይ ተጽፎ ይደርሰዋል። ተቆጣጣሪ አጠገቡ የለም። እሱ ግን ይለቃታል፣ ምክንያቱም ነገ የሚይዘው የእሷን ልጆች መሆኑን ያውቃል፤ ጎረቤቱም እንደሚለቃት ያምናል። ሜይን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 60 ሺህ ቶን ሎብስተር አወጣች። ለዚህ የባሕሩ ሙቀት መለወጥና ሎብስተር የሚበላው ኮድ ማነሱም አግዘዋል። ወላዷ ተጠብቃ ባትቆይ ግን የሚበዛ ነገር አይኖርም ነበር።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕግ መኖርና አለመኖር አይደለም። በአንደኛው ገደቡ ከላይ ወርዶ አስጋሪው ተመልካች ሆነ። በሌላው ገደቡን አስጋሪው በራሱ ቢላዋ ይጽፈዋል።

▪️ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ

ለዚህ አሜሪካ ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። እዚሁ አማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ሰፊ ተራራ አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይፈለጋል። የመንዝ ሰው ለ400 ዓመት ያህል «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ቦታውን ለ3፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋው ነበር። በተቆረጠው ቀን ይከፈታል፤ ሁሉም ባለ ድርሻ ይገባል፣ ያጭዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ተላልፎ የገባ ይቀጣል። የሚጠብቁት ከራሱ ከሕዝቡ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የባለ ድርሻነትን ሥር ሲነቅል ይህ ሥርዓት ተናጋ።

በሀብሩም ሆነ በወልድያ ዙሪያ ኮረብታው ተራቁቶ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻ ጥቅጥቅ ብሎ የቆየው ደን ጥበቃ ስለተቀጠረለት አይደለም። ዛፉን መቁረጥ ነውር ስለሆነ ነው።

በተቃራኒው በቢሮ ብቻ የቆመ ገደብ ቢሮው በተዘጋ ቀን ያበቃል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ ወልድያን፣ መርሳንና ሐይቅን ተራ በተራ ሲያዳርስ የመንግሥት ሥራ ቆመ። በእንዲያ ያለ ጊዜ የመረብ ቀዳዳ የሚለካ ተቆጣጣሪ ማን ያስባል? የተራበ ሰው የሚይዘውን ይይዛል፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ለእንዲህ ያለው ክፉ ቀን የሚተርፈው ከቀበሌው ማኅተም ይልቅ በሰዎች መካከል ያለ ቃል ነው።

▪️ ወልድያና መርሳ ምን አገባቸው?

ሀብሩ ውስጥ እንደ ሐይቅ ያለ ውሃ የለም። ግን የዓሣውን ዕጣ የሚወስነው ማንኪያውን የያዘውም ሰው ነው። በሁዳዴ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳይዘጋ ገበያው ግን ይደራል። ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋ ሲወጣ ትንሹም ይሸጣል። መዳፍ የማታክል ቆሮሶ ሳህን ላይ ስትቀርብ «ይህችን አልበላም» የሚል ተመጋቢ ቢኖር የትኛውም ተቆጣጣሪ ከሚሠራው የበለጠ ይሠራል።

ከተመጋቢው ባሻገር የአስጋሪው ነገር አለ። ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥለው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ መሬት ያልደረሰው ነው። «ለ3 ወር ተው» ሲባል ለ3 ወር ምን ይበላል? ካናዳ እገዳ ስትጥል ቢያንስ ለአስጋሪዎቿ የገቢ ድጎማ ከፍላለች። ድሃ አገር ያን ያህል አይችልም። ግን የዳርቻውን የተወሰነ ክፍል ብቻ ዘግቶ ሌላውን መክፈት፣ የሚዘጋውን ቦታ አስጋሪዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ማድረግ፣ ያለ ፈቃድ የገባውን የማስወጣት ሥልጣን ለማኅበራቸው መስጠት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥልጣን ማካፈልን ነው። ለመንግሥት ከገንዘብ ይልቅ የሚከብደውም ይኸው ነው።

የሐይቅ ዓሣ ታሪክ ለሀብሩ ሰው ቅርብ የሚሆንበት ሌላ ምክንያትም አለ። ከራያ ቆቦ እስከ ሀብሩ ግራና በተዘረጋው ሸለቆ መንግሥት ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ የከርሰ ምድር ውሃ ለመስኖ አውጥቷል። ይህም እንደ ቆሮሶው በበጎ ሐሳብ የመጣ ሀብት ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል፣ ቤተሰብ ያቆማል። ይህም እንደ ዝግ ሐይቅ ከላይ ሆኖ መጠኑ የማይታይ፣ ሁሉም የሚቀዳው፣ ማንም የኔ የማይለው ውሃ ነው። ስንት ይቀዳ፣ መቼ ይታረፍ፣ ማን ይቁጠረው የሚለውን ከወዲሁ ገበሬው ራሱ ተሰብስቦ ካልወሰነ፣ የዛሬ 25 ዓመት አንድ አዋጅ ይወጣና «ስግብግብ ገበሬ ውሃውን ጨረሰው» ይባላል።

ያን ጊዜ ጥፋተኛ መፈለግ ቀላል ይሆናል። ውሃውን መመለስ ግን ሐይቅ ላይ ቆሮሶ እንደ መልቀቅ አይሆንም፤ የከርሰ ምድር ውሃ ከሌላ ቦታ በበርሜል አይመጣም።